ተሳፋሪ እያለ አይቀመጥም

አማትና አማች የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው የሚል ሰው ወይ አማት የለውም፣ ወይ ፊደል አልቆጠረም። ጫማ ሠሪው ሁለቱንም አይቷል። ፊደሉን በልጅነቱ ቆጥሮ ጨርሷል፤ አማቱን ግን እስከ ዛሬ አልጨረሳቸውም።

ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ የሄደ ዕለት አማቱ በሩን ከፍተው ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት። ከዚያ ተመልሰው እግሩ ላይ ቆሙ።

«ጫማህ ጥሩ ነው» አሉት።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አላቸው ደስ ብሎት።

«እሱን ነበር የፈራሁት» አሉ።

ያን ቀን ደጃፍ ላይ እንደ ቆመ ነው የተመለሰው። ልጅቷ ግን አሻፈረኝ ብላ አገባችው። ከዚያ ወዲያ ቤታቸው ሲሄድ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነቱ ይወራል፤ አንዲት ቃል ብቻ ከአማቱ አፍ አትወጣም። «ተቀመጥ» የምትለዋ። ሚስቱ እጅጌውን ጎትታ ነበር የምታስቀምጠው። «ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸዋል?» ሲላት፣ «እማዬ እኮ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የሠራች ሰው ናት፤ መቀመጥ የሚባል ነገር ትዝም አይላት» ትለዋለች። እሱም ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ሚስቱ የተናገረችው ውሸት አልነበረም። አማቱ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። እንደ ሌላው ቆራጭ ከኋላ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ሳይሆን፣ ከፊት በር እስከ ኋላ በር በሰው መሀል እየተሹለከለኩ፣ «ትኬት ያልቆረጠ! ጠጋ ጠጋ በሉ!» እያሉ ነው ጡረታ የወጡት። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ተሳፋሪ እያለ ቆራጭ አይቀመጥም። ወንበር ባዶ ቢሆን እንኳ አይቀመጡም። ይህን ሕግ መሥሪያ ቤቱ ያውጣው እሳቸው ማንም አያውቅም፤ ሰፈሩም ቆራጭ ይሁኑ ቆራጥ ለይቶት ስለማያውቅ ሁለቱንም ይላቸው ነበር። ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው ሁለት ልጆች ብቻቸውን አሳድገዋል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት መጥተው ግንባራቸውን የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፈው ነበር የሚጠብቋቸው። አማቱ የሚመጡት የመጨረሻው ተሳፋሪ መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲወርድ ነው።

አሁን አማቱ የሚኖሩት ልጃቸውና ጫማ ሠሪው ጋ ነው። መጀመሪያ ምድጃ ላይ የጣዱትን ረሱ። ቀጥሎ የሰው ስም ረሱ። ከዚያ ጡረታ መውጣታቸውን ረሱና ጉዱ ፈላ። ሌላውን ሁሉ የጣለ ጭንቅላት ሥራውን ብቻ ይዞ ቀረ።

ጥፋቱ የቤቱም ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ከበሩ እስከ ማድ ቤት የተዘረጋ ረጅም ኮሪደር ያለው፣ በአንድ በኩል መስኮት የተደረደረበት ቤት ነው። ጫማ ሠሪው የሚሠራው እዚያው በሩ አጠገብ ስለሆነ፣ ለደንበኞች ብሎ ግድግዳውን ተከትሎ ወንበር ደርድሯል። አማቱ አንድ ጠዋት ከመኝታ ክፍላቸው ወጡ፣ ወንበሮቹን አዩ፣ መስኮቶቹን አዩ፣ በሩን አዩ፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቤቱ አውቶቡስ ሆነ። ከበር እስከ ማድ ቤት፣ ከማድ ቤት እስከ በር። ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ቅዳጅ እየቆረጡ ለገባው ሁሉ ትኬት ያድላሉ። ደንበኛ ጫማውን ሊወስድ መጥቶ ትኬት ሳይዝ ከወጣ ደረጃው ድረስ ይከተሉታል።

ደግነቱ፣ ደግነት ከተባለ፣ አማቻቸውን መናቃቸውንም አብረው ረስተዋል። ጫማ ሠሪው አሁን ተሳፋሪ ነው። በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር «ጠጋ በል የኔ ልጅ» ይሉታል፣ ትከሻውን ነካ አድርገው። በጋብቻው ዘመን ሁሉ ያላገኘውን «የኔ ልጅ» አውቶቡስ ተሳፍሮ አገኘው። ወንበር ግን አሁንም የለም። ሥራው ላይ ተቀምጦ ካገኙት ያስነሱታል፤ «ለአዛውንት ልቀቅ» ይሉታል። አዛውንት ከሳቸው በቀር በቤቱ የለም፤ እሳቸው ደግሞ አይቀመጡም። ስለዚህ ጫማ ሠሪው ቆሞ ይሰፋል።

ሚስቱ ዳቦ ቤት ስለምትሠራ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመለሰው። እስከዚያ ቤቱ የሁለቱ ነው። እጁ መዶሻ ይይዛል፣ ጆሮው ኮሪደር ላይ ነው። ኮቴው ወደ ማድ ቤት ሲርቅ ምድጃውን ያስባል። ወደ በሩ ሲቀርብ ደረጃውን ያስባል። ኮቴው ዝም ያለ እንደሆነ ደግሞ መዶሻውን ጥሎ ይሮጣል። ተመልሶ መጥቶ የት ላይ እንደነበረ ይጠፋዋል። አንድ ቀን የግራ ተረከዝ በቀኝ ጫማ ላይ ሰፍቶ ለሰው አስረከበ። ሰውየው እየተወላገደ ሲሄድ ሰክሯል እንዳይባል ፈርቶ እያነከሰ ተመልሶ መጣ። ፈትቶ ሰፋ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ስትገባ ጫማ ሠሪው ራሱ ኮሪደሩን ላይ ታች ሲል ታገኘዋለች፤ ማንን እየተከተለ እንደሆነ ተጠይቆም አያውቀው።

የእግር እሳት የሆነባቸው ግን የአማቱ እግር ነበር። አበጠ። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቆሰለ። ጫማ ሠሪው ለስላሳ ቆዳ መርጦ፣ ፊቱን ከፍቶ፣ ቁስሉን የማይነካ ጫማ ሠራላቸው። ሳምንታት አልፈው ሶሉን ሲያየው ተበልቶ አልቋል። ከቤት ያልወጣ ሰው ሶል ሲጨርስ በሙያው ዘመን አይቶ አያውቅም፤ ያን ሶል መስኮቱ ጋ ወስዶ በብርሃን ደግሞ አየው።

ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ «እግራቸውን ከፍ አድርገው ማረፍ አለባቸው። ካላረፉ ይሄ አይድንም። ካልዳነ ደግሞ . . .» አለና የቀረውን በጣቱ ጨረሰው። ከአማቱ ጉልበት በታች አየር ላይ አንድ መስመር አሰመረ። የጫማ ሠሪው ሚስት ያን መስመር አይታ ከወንበሯ ተነሳች።

ወሬው ለታላቅ ወንድሟ ደረሰ። ቤተሰቡ ጋሼ ይለዋል፤ የጭነት መኪናዎች ስምሪት ኃላፊ ነው፤ ሌላ ከተማ ይኖራል። ክፉ ሰው አይደለም። መኪና የት ደረሰ፣ ለምን ዘገየ ሲል የሚውል ሰው ስለሆነ፣ ነገር ተንጠልጥሎ ሲቆይ አይወድም እንጂ። አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አጠያይቆ አልጋ መለቀቁን ሰማ። «እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ መጥቼ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ» አለ በስልክ። «እናንተ አልቻላችሁም አይደለም የምለው። እግሯ ግን ሊቆረጥ ነው።»

ባልና ሚስት ቦታውን ሊያዩ ሄዱ። ንጹሕ ነው። አበባ ተክለዋል። ሠራተኞቹ ፈገግ ይላሉ። ማረፊያ አዳራሹ ውስጥ ቀበቶ ያላቸው ወንበሮች አዩ፤ «እንዳይወድቁብን ነው» አለቻቸው አስጎብኚዋ። ሚስቱ መጋረጃውን ስታይ ጫማ ሠሪው ጎንበስ ብሎ አንዱን ቀበቶ ነካው። ቆዳ ሥራው ነው። የቀበቶው ቀዳዳ ከክብነቱ ወጥቶ እንደ ዓይን ተለጥጧል። ቀዳዳ እንዲህ የሚሆነው የታሰረው ነገር ሳይታክት ወደ ፊት ሲስብ ነው። አማቱን እዚያ ወንበር ላይ አሰባቸው፤ «ትኬት ያልቆረጠ» እያሉ ሲስቡ። ቀበቶውን ለቆ ሚስቱን ተከትሎ ወጣ። አማች ነውና ቤተሰብ ሲመክር አፍ የለውም፤ ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ ሆድ ግን ይነቅዛል።

እንግዲህ የቀረችው አንዲት መንገድ ነች፤ ከቅዳሜ በፊት አማቱ መቀመጥ አለባቸው።

ራዲዮ ከፈተላቸው። ቆመው ሰሙ። ክር ሰጣቸው፤ እየሄዱ ጠቀለሉት። ሶፋውን ወደ መስኮት አዙሮ «እማማ፣ ኑ እስቲ ይቺን መንገድ ይዩልኝ» አላቸው።

«ሥራ ላይ ነኝ» አሉት።

«ለአንድ አፍታ ቢቀመጡ ምን አለ?»

«ተሳፋሪ እያለ?» አሉና በትዝብት አዩት። «ምን ቆርጦኝ!»

ለመነ። ሊቆጣ ሞከረ። ቁጣው ራሱን አሳፈረው። ሚስቱም ከሥራ መጥታ ዱቄቱ ከክንዷ ሳይራገፍ እናቷን ጭምቅ አድርጋ አቅፋ፣ «እማዬ በሞቴ፣ ትንሽ ብቻ» አለቻት። አማቱ እቅፉን በትሕትና ፈቱና፣ «እህቴ፣ መንገድ አትዝጊ፣ ከኋላ ሰው አለ» አሏት። ሚስቱ ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ።

በማግስቱ ነው ነገሩ የመጣው። ከጠዋት ጀምሮ ቅጥ አምባሩ የጠፋበት ቀን ነበር፤ ማስቲሹ ፈሰሰ፣ አንዲት ደንበኛ ቆማ ትነጫነጫለች፣ አማቱ ትኬት ጠየቋትና ነገሩ ባሰባት፣ የደንበኛዋን ጫማ እንደ ጠፋ ዕቃ ወሰዱና ማድ ቤት አስቀመጡት። ሴትየዋ ጫማዋን ነጥቃ ወጣች። ጫማ ሠሪው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ግንባሩን በሁለት እጁ ይዞ ለማንም ሳይሆን ጮክ ብሎ፣

«የዚህ ነገር መጨረሻው የት ነው?» አለ።

የአማቱ ኮቴ ቆመ።

«መጨረሻው እዚህ ነዋ» አሉት፣ አጠገቡ ደርሰው። ከዚያ ለኮሪደሩ ሁሉ፣ «መጨረሻ! መጨረሻ ነው፣ ውረዱ! ዕቃ እንዳትረሱ!»

ጫማ ሠሪው ምንም ሳይገባው ክንዱን ተይዞ ተነሳ። «ውረድ የኔ ልጅ፣ ደርሰሃል» አሉት፣ ደግነት በተሞላ ድምፅ፤ በሩን ከፍተው፣ ደረጃው ላይ አውጥተው፣ ከኋላው ዘጉት።

መጀመሪያ ያሰበው ምድጃውን ነው። ጠፍቷል። ቢላዎቹን አሰበ። መሳቢያ ውስጥ ናቸው። የበሩ ላይኛው ግማሽ መስታወት ስለሆነ አፍንጫውን ለጥፎ አየ። አማቱ ከኋላ ጀምረው ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያዩ መጡ፤ ጎንበስ ብለው ከወንበሮቹ ሥርም አዩ፣ የረሳ ካለ ብለው። ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን የደንበኛ በርጩማ ላይ ሰቀሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

በደስታ በሩን ከፍቶ ገባ። አማቱ ብድግ አሉ። «ትኬት ቆርጠሃል?»

ነገሩ ያኔ ገባው። አማቱ የሚያርፉት አውቶቡሱ ባዶ ሲሆን ነው። እሱ እያለ ባዶ አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ ሠሪው ደረጃ ላይ ይሠራ ጀመር። ጠዋት ምድጃውን ያጠፋል፣ ስለት ይሰበስባል፣ የመታጠቢያውን ወለል ያደርቃል፤ መዶሻና ወስፌውን በአንድ ቅርጫት ይዞ እንደ መንገደኛ ይዘጋጅና፣ «እናት፣ መጨረሻ ደረስን?» ብሎ ይጠይቃል። ይወርዳል። በሩ አጠገብ በርጩማ ዘርግቶ ይሰፋል፤ ጥቂት ይሰፋና ተነስቶ በመስታወቱ ያያል፤ ቁጭ ይልና ወዲያው ደግሞ ይነሳል። ወስፌው ጣቱን ወጋው። አማቱ ውስጥ አርፈዋል፣ እሱ ውጭ ዕረፍት የለውም። ላይኛው ፎቅ ያለው ጡረተኛ መምህር በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «አማትህ አስወጣችህ?» አለው። «አዎ» አለ ጫማ ሠሪው። መምህሩ ቀልድ መስሎት እየሳቀ ወረደ።

ለሚስቱ አልነገራትም። ምን ብሎ ይንገራት? እናትሽ የሚሻላት ማናችንም በሌለንበት ነው ተብሎ ለልጅ ይነገራል? ሁልጊዜ ከመምጣቷ በፊት ዕቃውን አስገብቶ ይጠብቃታል። አንድ ምሽት ቁስሉን ስትጠርግ እጇ ቆመ። «ደርቋል» አለች። «ጠርዙ ላይ ደርቋል፣ ና እየው!» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ጫማ ሠሪውን ግንባሩን ሳመችው፤ እሱም እንደ ሌባ አቀረቀረ።

ጋሼ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ዓርብ መጣ። የስምሪት ሰው መኪና ሲያገኝ አይቆይም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣና፣ የእህቱን ባል በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ አፉ ውስጥ ምስማር ይዞ፣ ጫማ ሲመታ አገኘው።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ጫማ ሠሪው ምስማሩን ከአፉ አወጣ። «ሥራዬን ነው፣ ጋሼ።»

«እማዬስ?»

«ውስጥ ናቸው።»

«ከማን ጋር?»

ጋሼ በመስታወቱ አየ፤ እናቱ ብቻዋን፣ ባዶ ወንበር መሀል፣ ዓይኗን ጨፍና። ዞር ሲል ፊቱ ተለዋውጧል።

«ዘግተህባት ነው የምትውለው?»

«አልተቆለፈም። ጋሼ፣ ልንገርህ . . .»

«ምኑን ትነግረኛለህ? እናቴን እንደ ዕቃ ዘግተህ ደጅ ትዘፍናለህ! እኔ ደግሞ ሰው ጋ ናት ብዬ እተኛለሁ!»

ሚስቱ ያኔ ደረሰች፣ የዳቦ ከረጢቷን እንዳቀፈች። የወንድሟን ድምፅ ከታች ሰምታለች። ባሏን አየች፣ በርጩማውን አየች፣ ቅርጫቱን አየች። «ውጭ ነው እንዴ የምትውለው?» አለችው ቀስ ብላ። የጋሼ ቁጣ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ይቺ ጥያቄ ግን ገባችበት። ሊያስረዳ አፉን ከፈተ፤ መጨረሻ፣ ፌርማታ፣ ባዶ ወንበር፣ ሁሉም ቃል ከአፉ ሲወጣ የዕብድ ወሬ ሆነ። ጋሼ ሊሰማው አልፈለገም። «ዛሬውኑ እደውላለሁ። ዛሬውኑ ትሄዳለች» አለና በሩን ገፍቶ ገባ። ሁለቱም ተከተሉት።

አማቱ ጫማቸውን እንኳ ሳያጠልቁ ተነሱ። «ጠጋ ጠጋ በሉ። ትኬት ያልቆረጠ?»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

«ወደ ውስጥ ግባ፣ በር ላይ አትቁም።»

«እማዬ፣ እግርሽ! ተቀመጪ።»

«ሥራ ላይ ነኝ አልኩህ እኮ።»

ባዶ እግራቸውን ኮሪደሩን ተያያዙት። ደርቆ የነበረው ጠርዝ ተላቆ አንድ ቀጭን ደም ወደ ተረከዛቸው ወረደ። ጋሼ ደሙን ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀ፤ ቁጣው ሳይሆን ፍርሃቱ ነው የገፋው። ተከትሎ ሁለት ትከሻቸውን ያዘና ወደ ወንበሩ ገፋቸው። «ተቀመጪ በናትሽ! ተቀመጪ!» አማቱ ወንበሩ ላይ ተጥለው ወደ ፊት ሳቡ። እጁ ሥር ሆነው ሳቡ፤ ሳይታክቱ፣ ሳይጮኹ፣ ዓይናቸውን ከኮሪደሩ ሳይነቅሉ። ጫማ ሠሪው ያንን የተለጠጠ የቀበቶ ቀዳዳ በዓይነ ኅሊናው አየ።

አማች አፍ የለውም ያልነው እስከዚህ ድረስ ነው። ጫማ ሠሪው በሩ ጋ፣ ከሁሉም ፊት ቆመ፤ በመዶሻው ግድግዳውን ደበደበና ሆዱ ውስጥ የከረመውን ድምፅ ሁሉ አወጣው።

«መጨረሻ! ደርሰናል! የሚቀር የለም፣ ሁሉም ይውረድ!»

ጋሼ ደንግጦ እጁን ለቀቀ። አማቱ ቀጥ ብለው ቆሙ። ልብሳቸውን አስተካከሉ።

«ሰምታችኋል» አሉ። «ውረዱ። በእርጋታ፣ አትጋፉ። አንተ ጎረምሳ፣ ውረድ።» ያን የሚያህለው ጋሼ ክንዱን ተይዞ በገዛ እናቱ ከቤት ወጣ። ቀጥሎ ሚስቱ ከነዳቦዋ። ቀጥሎ ጫማ ሠሪው። በሩ ተዘጋ።

ሦስቱ ደረጃው ላይ ቆሙ። ጋሼ ስልኩን አውጥቷል፤ ግን በመስታወቱ ነው የሚያየው። አማቱ ከኋላ ጀምረው ወንበሮቹን እያዩ መጡ። የወንበሮቹን ሥር አዩ። ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። የፊተኛው ወንበር ጋ ደርሰው ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው፣ እንደገና ቀና አሉ። አንድ ነገር ጎደለባቸው። ወዲያ አዩ፣ ወዲህ አዩ።

«ሹፌሩስ?» ሲሉ ከውስጥ ተሰማ።

መጡና በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ወንድ ልጃቸውን አዩት፤ አለፉት። ሴት ልጃቸውን አዩዋት፤ አለፏት። ጫማ ሠሪው ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ድሮ እንዳደረጉት ከእግር እስከ ራሱ ቃኙት።

«አንተ አይደለህ እንዴ መጨረሻ ያልከው? መኪናውን ጥለህ የት ልትሄድ ነው? ግባ።»

ገባ። በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። አማቱ ሄደው ተቀመጡ፤ እግራቸውን በርጩማው ላይ ሰቀሉ። ጫማ ሠሪው እንደ ልማዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፣ አሁን ይነሳሉ፣ አሁን ይነሳሉ እያለ። አልተነሱም። አንገታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«ምን ይገትርሃል? ተቀመጥ እንጂ።»

ቃሏን የሰማት ጉልበቱ ነው። ተቀመጠ። ከጎናቸው ባለው ወንበር ላይ። ስንት ዓመት የጠበቃት ቃል መጥታ ደስ ሊለው ሲገባ፣ አልቅስ አልቅስ አለው። ኪሱ ውስጥ ከነበረ ጨርቅ ቀዶ ተረከዛቸው ላይ የወረደውን ደም ጠረገላቸው። እግራቸውን ሳያሸሹ አስጠረጉት።

«ሁሉም ወረደ?» አሉ።

«ሁሉም ወርዷል።»

«እነዚያ በር ላይ የቆሙትስ?»

ጫማ ሠሪው ወደ በሩ አየ። ሊዋሽ ይችል ነበር። «ልጆችዎ ናቸው፣ እማማ።»

አማቱ ሳቁ። የዋህ ሳቅ ነበር።

«ልጆቼማ ቤት ናቸው። መስኮት ላይ ሆነው እየጠበቁኝ ነው። ትንሽ እግሬን ላሳርፍና እሄድላቸዋለሁ» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደረጃው ላይ ጋሼ ጫማ ሠሪው ሲሰፋ የሚውልበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልኩ፣ «ስለ አልጋው ነበር . . . አይ፣ ለሌላ ሰው ስጡት» ሲል ተሰማ። ሚስቱ አልተቀመጠችም። ዳቦዋን እንዳቀፈች ግንባሯን የበሩ መስታወት ላይ ለጥፋ፣ እናቷ እስክታርፍ ትጠብቃለች።